የእናቴን ሪሲቨር የገደልኩ ዕለት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቆቦ ተማሪዎቼ፣ ሰሞኑን ሦስት ሰው በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ሪሲቨር ላይ በፍላሽ ሶፍትዌር እንዴት ይጫናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከመመለሴ በፊት ልናዘዝ፦ እኔ ራሴ የእናቴን ሪሲቨር ገድያለሁ።

በጦርነቱ ለወራት ጠፍቶ የነበረው መብራት ከተመለሰ በኋላ ነው። እናቴ ዜና ካልሰማች ቡናው ራሱ አይጥማትም። አንድ ቀን «ቻናሎቹ ጠፉብኝ» አለችኝ። እኔም የፊዚክስ መምህር አይደለሁ! ጓደኛዬ የላከልኝን ፋይል በፍላሽ ገልብጬ መጫን ጀመርኩ። ግማሹን እንዳለፈ መብራት ድርግም። ሲመለስ ሪሲቨሩ ቀይ መብራት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሪሲቨር አዲሱን ሶፍትዌር ለመጻፍ የድሮውን ከሚሞሪው ያጠፋል። መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ አሮጌው የለም፣ አዲሱም አልሞላም። ማስነሻው ክፍል ከተረፈ ባለሙያ በኮምፒውተርና በኬብል ሊያነሳው ይችላል። የእኛው አልተነሳም።

እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለዜና ጎረቤት ተመላለሰች። ከደሞዜ ቆጥቤ አዲስ ገዝቼ ስሰካ፣ አሁንም «ሲግናል የለም»! ጣራ ላይ ብወጣ ለካ የቆላው ነፋስ ዲሹን አዙሮታል። ኢትዮሳት ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ዲሽ ትንሽ ከዞረ ያልፈዋል። እናቴ ስቃ «አህያውን ትተህ ዳውላውን መታህ» አለችኝ።

ስለዚህ ልጆች፦

1. መጀመሪያ ዲሹን፣ ኬብሉንና ፍሪኩዌንሲውን እዩ። ቻናል ጠፋ ማለት ሶፍትዌር ተበላሸ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ እንደገና ሰርች ማድረግ ይበቃል።

2. ግድ ከሆነ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ሞዴሉን፣ የሃርድዌርና የሶፍትዌር ቨርዥኑን በስልክ ፎቶ አንሱ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አንድ ሆኖ የውስጡ ቦርድ ሊለያይ ይችላል። ያልገጠመ ፋይል ይገድላል።

3. ሪሲቨሩ ባክአፕ የሚቀበል ከሆነ የድሮውን ሶፍትዌር ፍላሽ ላይ አስቀሩ።

4. ፍላሹን በፋት 32 ፎርማት አድርጉ። ፋይሉ ዚፕ ከሆነ ፍቱት፤ ፎልደር ውስጥ አትክተቱት።

5. ነፋስና መብረቅ ባለበት ሰዓት አትጀምሩ። ኢንቨርተር ያለው ጎረቤት ካለ እሱ ቤት ውሰዱት።

6. ከተጀመረ ሪሞቱን አትንኩ፣ ፍላሹን አትንቀሉ። ራሱ ጠፍቶ እስኪነሳ ጠብቁ።

ክፍል ውስጥ «መጀመሪያ ጥያቄውን በደንብ አንብቡ» እያልኩ ስንቱን ቀጥቻለሁ መሰላችሁ። ያን ቀን ጥያቄውን ሳላነብ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። የእናቶቻችሁን ሪሲቨር ከመንካታችሁ በፊት አንዴ ጣራውን ቀና ብላችሁ እዩልኝ።