ከኮዱ ጋር የተቀመጠው መመሪያ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ ነፋስ መውጫ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ለስድስት ወር የተባለው አዋጅ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያን ጊዜ የኖረ ሁሉ የየራሱ የሚናገረው አለው፤ ልጁን የቀበረ አለ፣ አዝመራውን ሜዳ ላይ የተወ አለ። እኔ ከዚያ ሁሉ መካከል ስለ ሥራችን ልመስክር።

ሥራችን ሊኑክስ ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ባለሙያ እየተቀባበለ የሚጽፈው ክፍት ኮድ ነው፤ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ የሚሠራው ከርነል በሚባለው በእሱ እምብርት ነው። ማንም ኮዱን ወስዶ ሊያርመው ይችላል፤ እርማቱ ተቀባይነት እንዲያገኝ ግን ሥርዓት አለው። ያንን ሥርዓት ለአካባቢያችን የኮምፒውተር ተማሪዎች በአማርኛ አዘጋጅ ነበር።

ኔትወርኩ ሲጠፋ ድረ ገጽ ላይ የነበረው ትምህርት ሁሉ አብሮ ጠፋ። የተረፈው ላፕቶፔ ላይ ያወረድኩት የከርነሉ ኮድ ነው። ኮዱን የሚያስተዳድረው ጊት የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው። በጊት ኮድ ሲወርድ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ታሪኩን ይዞ ይወርዳል። የአበርካቾች መመሪያም እዚያው ከኮዱ ጋር አለ፤ ድሮ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የነበረውን በ2016 እ.ኤ.አ. «ፕሮሰስ» በሚባል አንድ ማኅደር ሰብስበውታል። ጀማሪ ምን እንደሚያነብ፣ ኮድ እንዴት እንደሚጻፍ፣ እርማት እንዴት እንደሚላክ ሁሉም በተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ ለማንበብ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ያን የወሰኑት ሰዎች ጋይንትን አያውቋትም። እግዜር ይስጣቸው፤ ለእኛ ግን የደረሱልን እነሱ ናቸው።

መመሪያን ከሥራው ጋር አያይዞ ማስቀመጥ በጋይንት ምድር እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ፣ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው እዚሁ ነው። በድጓ መጽሐፍ የዜማው ምልክት ከቃሉ ራስ ላይ ይጻፋል፤ ቅጂው የትም ቢሄድ ምልክቱ አብሮት ይሄዳል።

መብራት ሲመጣ የመመሪያውን ገጾች ፕሪንት አደረግሁ፤ ላፕቶፕ የሌለውም እንዲያነብ። ወረቀቱንና ፍላሹን ይዤ ወደ አርብ ገበያ ስወርድ መንገድ ላይ ታጣቂዎች መኪናውን አስቆሙት። የማን እንደነበሩ አልናገርም። አንደኛው ወረቀቱን ገለጠ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በቅንፍና በነጠላ ሰረዝ የተሞላ ገጽ ነው። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። «ኮድ» አልኩት፤ ሌላ ስም የለውማ። ፊቱ ተለወጠ። ከመኪናው አውርደው ጠጠሩ ላይ አንበረከኩኝ። የመሣሪያው አፍ ትከሻዬን ነክቶ ቆሟል። የኮምፒውተር ትምህርት እንደሆነ፣ ቅንፉ የት እንደሚከፈትና የት እንደሚዘጋ የሚያስተምር ገጽ እንደሆነ ደጋግሜ አስረዳሁ፤ ድምፄ አልታዘዝ እያለኝ። አብረውን የተሳፈሩ አንድ አዛውንት ወርደው «ተው ልጄ፣ የተማሪ ወረቀት ነው፤ በእናትህ» ብለው ለመኑልኝ። ሰዓት ያህል አቆይተው ለቀቁኝ። ወረቀቱን መለሱልኝ፣ ፍላሹን አስቀሩት። ጉልበቴ ላይ የገባው ጠጠር ሲድን ጠባሳውን ትቶልኛል፤ በዚያ መንገድ ሄደው ያልተመለሱ እያሉ ግን ስለ ጠባሳ አላወራም።

ከወረቀቱ አንዱ ጥራዝ ስማዳ ወገዳ ደረሰ። የወሰደችው አንዲት ተማሪ ናት፤ ከወራት በኋላ ስንገናኝ ጠርዙ እስኪበላ አንብባው ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጋሼ፣ እርማቴን ለማን ነው የምልከው?» የሚል ነበር። መልሱ «ሜንቴነርስ» በሚባል ፋይል አለ፤ እያንዳንዱ የኮዱ ክፍል በማን ኃላፊነት ሥር እንደሆነ የተመዘገበበት ነው፤ የተለወጠውን ፋይል አይቶ ተቀባዩን የሚነግር ትንሽ ፕሮግራምም አለ። የትምህርቱን ቅደም ተከተል የተማሪውን ጥያቄ ተከትለን እንደገና አደራጀን፤ ለማን እልካለሁ፣ ምን ብዬ እጽፋለሁ፣ መልስ ካልመጣስ። እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን ችሎ በአንድ ወረቀት ላይ አለቀ፤ አንዱ ገጽ ቢጠፋ ሌላው እንዲነበብ።

ልጅቷን የያዛት የፊርማው ሕግ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ እርማት የሚልክ ሁሉ ሥራውን የማበርከት መብት እንዳለው በስሙ ያረጋግጣል። ጊት እርማቱን በፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ኔትወርክ ሳይኖር አዘጋጅተን፣ ፈርመን፣ ሲመጣ በኢሜይል የምንልከውን አጠራቀምን።

የከርነሉ የትርጉም ማኅደር ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ጣልያንኛና ስፓኒሽ አለው። አማርኛ የለውም። አሁን የምንሠራው እሱን ነው፤ የእርማት አላላኩን ክፍል የስማዳዋ ልጅ ይዛዋለች፣ የኮድ አጻጻፉን እኔ። እስቴ መካነ ኢየሱስ ያሉ ተማሪዎች ያልገባቸውን መስመር እያሰመሩ ይልኩልናል፤ የተሰመረበትን እንደገና እንጽፈዋለን።