ከመስመሩ የወጣው ቁጥር

ባለቤቴ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ጠዋት 20 ዩኒት፣ ማታ 10 ዩኒት። ከዚያ በላይ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ለደም ግፊታቸው ደግሞ ኢናላፕሪል ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ። የአጋርፋ ብርድ ለሰው ክፉ ቢሆንም ለኢንሱሊን ደግ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ጓዳችን ስለሚቀዘቅዝ ብዙም አልጨነቅም። የሚያስጨንቀኝ ደብተሩ ነው። ስንት ዘመን የታካሚ መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ነርስ፣ ዘንድሮ የገዛ እጄን ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ። ዓይንሽ ሞራ ጀምሮታል ተብያለሁ።

የልጅ ልጄ ሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል። ለዕረፍት መጥቶ ደብተሩን ጉንጬ ላይ አስጠግቼ ሳነብ አየኝ። «እማማ፣ ስጪኝ። እኔ ፕሮግራም እጽፍልሻለሁ፤ ፊደሉን የፈለግሽውን ያህል ታተልቂዋለሽ» አለኝ። አሮጌ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትቶልን እንደሚሄድም ነገረኝ። ደስ አለኝ።

የሠራልኝ ፕሮግራም ሥዕልም ጌጥም የለውም። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ተርሚናል ይሉታል፤ አንዲት ቃል ጽፌ ስጫን ነጭ ጽሑፍ ይዘረዘራል። የጻፈው ሲ በሚባል ቋንቋ ነው። ሲ አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባል የምርምር ቦታ የተወለደ ነው። ብራያን ከርኒጋንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል አለኝ። እኔስ ከጀማሪ ነርስነቴ ጀምሮ የነበረ ቋንቋ መሆኑ ነው የገረመኝ።

በሲ ጽሑፍ የሚያወጣው ትእዛዝ ፕሪንትኤፍ ይባላል። የፐርሰንት ምልክት ታደርጋለህ፣ ቀጥሎ ስንት ቦታ እንዲይዝ ቁጥር ትጽፋለህ፣ ከዚያ ዓይነቱን ትነግረዋለህ፤ ቁጥር ነው ወይስ ቃል። 20 ካልከው 20 ቦታ ይይዛል፤ ቃሉ ካነሰ የቀረውን በባዶ ይሞላል። ከቁጥሩ በፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ጽሑፉ ወደ ግራ ይጠጋል። ይህን ሲያስረዳኝ ወዲያው ገባኝ። እኛ በማስመሪያና በእርሳስ መዝገብ ላይ አምድ የምናሰምረውን እሱ በምልክት ያሰምራል ማለት ነው።

ለመድኃኒቱ ስም 20 ቦታ፣ ለጠዋት 10፣ ለማታ 10 ሰጠ። ኢንሱሊንን በአማርኛ ጻፈው፤ ሁለቱን ኪኒኖች ግን ካርቶናቸው ላይ እንዳለው በእንግሊዝኛ ፊደል። ከዚያ «በይ እይው» አለኝ።

አየሁት። ጠዋትና ማታ የሚሉት ርዕሶች ግራ በኩል ተጣብቀው ተቀምጠዋል። የኢንሱሊኑ የማታ 10 ካለበት በታች፣ ልክ በዚያው አምድ፣ የኢናላፕሪሉ የጠዋት ኪኒን ቁጥር ተሰልፏል። እኔ ቤት ሳልኖር ሌላ ሰው ይህን ቢያነብ የትኛው የጠዋት፣ የትኛው የማታ እንደሆነ በምን ያውቃል?

«ይህ አይሆንም፤ አጥፋው» አልኩት።

«እማማ፣ ቁጥሮቹ እኮ ትክክል ናቸው፤ ትንሽ ተንሸራተው ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ጊዜ ነው ለማንም ያልነገርኩትን የነገርኩት።

ወጣት ሳለሁ ቆላ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። የወባ ጊዜ ነው፤ ሌሊት በፋኖስ እንሠራለን። መዝገቡን በእጄ ያሰመርኩት ራሴ ነኝ፤ መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። ሁለት ሕፃናት ተከታትለው ተጽፈዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ገና የሁለት ዓመት። የትንሹን ስም አንብቤ ጣቴን ወደ ቀኝ ስወስድ የትልቁ መስመር ላይ አረፍኩ። የትልቁን ልክ ኩዊኒን ለትንሹ ሰጠሁ። ኩዊኒን ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። ያደረግሁትን ያወቅሁት መርፌውን ሳስቀምጥ ነው። ሮጬ ለኃላፊዬ ነገርኩ፤ ስኳር በውኃ በጥብጠን በማንኪያ እየሰጠን፣ ትንፋሹን እየቆጠርን አነጋን። ልጁ ተረፈ። እናትየዋ ጠዋት እጄን ይዛ ሳመችው፤ ሌሊቱን ሙሉ ልጇን ስጠብቅ አይታለች። ለእሷ አልነገርኳትም።

የልጅ ልጄ ዝም አለ። ቡናው ቀዘቀዘበት። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና እስከ እኩለ ሌሊት አልተነሣም።

ጠዋት ምክንያቱን አገኘሁት አለኝ። ፕሪንትኤፍ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ይቀመጣል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ኢንሱሊን አምስት ፊደል ነው፣ ለማሽኑ ግን 15። ስለዚህ 15 ቦታ ያዘ ብሎ አምስት ባዶ ብቻ ጨመረ፤ ዓይን የሚያየው ግን 10 ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም ሙሉ 20 ይዟል። የአሥሩ ልዩነት አንድ አምድ ሙሉ ነው። በቁቤ የሚጽፉ ጓደኞቹ ይህ ችግር ገጥሟቸው የማያውቀውም ለዚህ ነው።

የባሰም አሳየኝ። ስሙን አሳጥር ብሎ 10 ላይ እንዲቆርጥ ቢያዝዘው ሦስት ፊደል ጽፎ አራተኛውን ከመካከሉ ይቆርጠዋል። ኢንሱ ብሎ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ነጠብጣብ። በመድኃኒት ስም ላይ!

ያስተካከለው ፕሮግራሙ አስቀድሞ ፊደሎቹን እንዲቆጥር፣ የሚጎድለውን ባዶ ቦታ ራሱ እንዲያሰላ አድርጎ ነው። ሰፋፊዎቹ ፊደላት አሁንም ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጨናንቀው ይታያሉ፤ አምዱ ግን ቀጥ ብሏል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረልኝ፤ የስኳር ልኬታቸው ከ180 ካለፈ ቁጥሩ በቀይ እንዲወጣ። በማግስቱ ስከፍተው ከአንዱ ቁጥር ጀምሮ እስከ ታች ያለው ሁሉ ቀይ። ልቤ ቀጥ አለ፤ ባለቤቴን ከአልጋ አስነሥቼ ጣታቸውን ወግቼ ለካሁ። 142። ለካስ ቀለሙን የሚያበራ ኮድ እንዳለ ሁሉ የሚያጠፋም አለ፤ ልጁ ማጥፊያውን ረስቶታል። ባለቤቴ እስካሁን «የቀዩ ቀን» እያሉ ይስቁብኛል።

ሰኞ ወደ ሮቤ ከመመለሱ በፊት ማስመሪያዬን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር አስደግፌ ከደብተሩ ጋር አመሳከርኩ። አጠገቤ ቆሞ ጠበቀ። ማታ ደወለ።

«እማማ፣ የአባባ የማታው ስንት ይላል?»

«አሥር።»

«ማታ የሚለው ሥር ነው?»

ማስመሪያውን አነሣሁና እንደገና አየሁ። «ሥሩ ነው» አልኩት።