«በራሳቸው» የሚለው ቃል



በጀመዓችን ውስጥ ያለን የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጥቂት ነን፤ የሚመጣልን ጥያቄ ግን ብዙ ነው። በዚህ ሴሚስተር አንድ ታናሽ ወንድማችን «በፈተና ላይ ‹ሞለኪውሎቹ በራሳቸው ይደረደራሉ› ብዬ ብጽፍ ዐቂዳዬን አይነካም ወይ?» አለን። የሳቁ ነበሩ። እሱ ግን ዲፓርትመንት ለመቀየር እያሰበ ስለነበር እኛ አልሳቅንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀጭን ወርቅ የተለበጠ ንጹሕ መስታወት፣ ታዮል በኤታኖል በተሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ታዮል ራሱ ላይ ሰልፈር ያለው፣ ጅራቱ የካርቦን ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል ነው። (ሽታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከላብ ወጥተን ልብስ ሳንቀይር መስጂድ የማንገባው በእሱ ምክንያት ነው።) ሰልፈሩ ወርቁን አጥብቆ ይይዛል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ወርቁ ከሞላ ጎደል ይሸፈናል። ያኔ ግን ጅራቶቹ ገና የተመሰቃቀሉ ናቸው። ሰዓታት ስለሚፈልጉ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ይተዋሉ። ጎን ለጎን በደካማ ኃይል እየተሳሳቡ ቀስ በቀስ ይስተካከላሉ። 16 ካርቦን ያለው ታዮል የሚሠራው ንጣፍ ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ገደማ ነው። የጅራቱ ጫፍ ሜቲል ከሆነ ውሃ በላዩ እንደ ዶቃ ይሰበሰባል፤ ሃይድሮክሲል ከሆነ ደግሞ ይነጠፋል። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ ውሃው የሚነካው ግን ጫፉን ብቻ ነው።

ኑዞና አላራ በ1983 እ.ኤ.አ. በወርቅ ላይ እንዲህ ያለውን ንጣፍ ሲያሳዩ፣ ሞለኪውሎቹን በወረንጦ አንድ በአንድ አላስቀመጡም። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከ400 ትሪሊዮን በላይ አሉና ማንስ ይችላል! «በራሳቸው» የሚለው ቃል የሚነግረን የተመራማሪው እጅ እንዳልነካቸው ነው። የፈጣሪን ጉዳይ አላነሣም። «ዘሩ በቀለ» ስንል ማን አበቀለው ብለን የካድን የሚመስለው አለ? ወንድማችን ይህን ሰምቶ አልሐምዱሊላህ ዲፓርትመንቱ ውስጥ ቀረ።

ያስቸገረን ከሌላ ወገን የመጣው ነው። አንድ ወንድም ሞለኪውሎቹ ሶፍ ይሠራሉ፣ ለሙሐደራ ማስረጃ ይሁነን አለ። ደስ የሚል ምሳሌ ነው፤ ማስረጃ ማድረጉን ግን አልወደድነውም። ሞለኪውል ኒያ የለውም። በዚያ ላይ ወርቁ ደረጃ በሚሠራበት ጠርዝ ላይ ክፍተት አይጠፋም። ሶፍ ደግሞ ቀጥ ማለት አለበት፤ እነዚህ 30 ዲግሪ ያህል ያዘነብላሉ። ሰልፈሮቹ በወርቁ ላይ የሚቀመጡት በግማሽ ናኖሜትር ርቀት ነው፤ ይህ ለጅራቶቹ ትንሽ ስለሚሰፋ፣ ለመነካካት ዘመም ይላሉ። ሥዕሉን ማየት ለሚፈልግ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ሰሌዳ ላይ እንሥላለን፣ ኢንሻአላህ።