መብራት የጠፋበት ናሙና

መካነ ሰላም ቡና ላይ ተቀምጠን ጎረቤታችን ጋሼ "ማግኔት ትሠራለህ አሉ፤ ወርቅ ይስባል ወይ?" አሉኝ። ወርቅ በማግኔት አይሳብም ብላቸው ቅር አላቸው።

የምሠራው ኮባልት ፌራይት ነው። በሞል ሲቆጠር ሁለት እጅ ብረት ለአንድ እጅ ኮባልት፣ ጨዋቸውን ውሃ ውስጥ ታሟሟለህ። 80 ዲግሪ ላይ እያማሰልክ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ስታደርግበት እንደ አተላ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ይወርዳል። ታጥቦ፣ ደርቆ ምድጃ ይገባል። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፣ ማግኔትነታቸውም አብሮ ይለወጣል። (ከኮባልቱ ከፊሉን በዚንክ ብትተካው ደግሞ ግትርነቱ ይለዝባል፤ እሱን ሌላ ቀን።)

እናላችሁ ሦስተኛው ናሙና 600 ዲግሪ ላይ ሦስት ሰዓት መቆየት ነበረበት። ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ድርግም! እስኪመለስ ምድጃው ቀዘቀዘ። ዱቄቱን አውጥቼ ማግኔት ሳስጠጋ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ልጥፍ አለ። በዓይን ከሌሎቹ አይለይም። መልሼ ባሞቀው ሁለቴ የተቆላ ቡና ነው። "600 ዲግሪ፣ 3 ሰዓት" ብዬ ብጽፍስ ማን ያውቅብኛል? አልዋሽም፣ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ግን የሙቀትና የመጠን ግራፌ ያሉት ነጥቦች አራት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ከዋሸች መስመሩ በሙሉ ይጣመማል።

የቀረችኝ ኮባልት ናይትሬት ለአንድ ዙር ብቻ ነበረች። ብልቃጡ ላይ "መብራት የጠፋበት" ብዬ ጽፌ ለብቻው አኖርኩት። ይሄን የምጽፈው አዲሱን እያማሰልኩ ነው። መብራት እስካሁን አለ።