የዓባይ ቁልቁለትና ሮለር ኮስተር

በፍኖተ ሰላም ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው ከስሌቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ምሳሌው ነው። ከማስተምርባቸው መጻሕፍት አንዱ፣ ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሕግ ሲያስረዳ፣ በውጭ አገር ሕዝብ ለመዝናኛ የሚሳፈርበትን ሮለር ኮስተር የሚባል ባቡር ይጠቅሳል። ተማሪዎቼ ደግሞ አብዛኞቹ ከቡሬና ከደንበጫ ገጠር የመጡ ናቸው፤ የሚያውቁት የክረምቱን ጭቃ ሸርተቴና የከተማውን የፈረስ ጋሪ ነው። አንዱ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ተሳፍረውበታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ያደግሁት ቡሬ አጠገብ፣ የተማርሁትም ባሕር ዳር ነውና፣ ሮለር ኮስተር ይቅርና የዓባይን በረሃ እንኳ ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያነበብሁትን ነገርኋቸው። የነገሩ መነሻ ሩሲያውያን በክረምት ከእንጨት ማማ ላይ በበረዶ የሚንሸራተቱበት ጨዋታ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ቶምፕሰን የሚባል አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ በሐዲድ ላይ የሚሄድ አቆመ፤ ዋጋው 5 ሳንቲም፣ ፍጥነቱም በሰዓት 10 ኪሎሜትር ያህል ነበር፤ የእኛ ከተማ ጋሪ ይቀድመዋል ማለት ነው። የሚያስቀው ስሙ ነው። ፈረንሳዮች «የሩሲያ ተራሮች» ይሉታል፤ ሩሲያውያን ግን «የአሜሪካ ተራሮች» ይሉታል። ማንም የእኔ ነው ለማለት አልደፈረም።

በዚያው ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር፣ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን ደጀንን አልፎ አፋፉ ላይ ደረሰ። መሬቱ በድንገት አለቀ። ከመስኮቱ ማዶ አየር ብቻ ነው፤ በሩቁ የሸዋ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ሾፌሩ ማርሹን ቀነሰ፤ መኪናው እየጮኸ ይጠማዘዝ ጀመር። በየመታጠፊያው ሰውነቴ ወደ ገደሉ ያዘነብላል፤ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሆዴን ባር ባር አለኝ። የለበስሁት ሹራብ ለደጀን ብርድ ልክ የነበረ፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እንደ እሳት አቃጠለኝ። ዝንጀሮዎች በመንገዱ ዳር ተቀምጠው ያዩናል።

እኔን የገረመኝ ግን ዝምታው ነው። በፊልም እንዳየሁት የሮለር ኮስተር ተሳፋሪ እጁን ዘርግቶ ይጮኻል። እዚህ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ረዳቱ እንኳ ዘፈኑን ቀነሰ። ያ ሰው የሚጮኸው ቀበቶው እንደማይፈታ፣ ሐዲዱ እንደማይለቀው አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይመስለኛል፤ ፍርሃቱን ከነዋስትናው ገዝቶታል። እኛ የከፈልነው አዲስ አበባ ለመድረስ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የወንበሩን ብረት አንቄ መያዜን አይተው፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኔ ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ» አሉና ነጠላቸውን ተከናንበው እንቅልፋቸውን ለጠጡ።

ታች ስንደርስ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የ303 ሜትር ድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ቆሟል። ከዚያ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ዳገት በናፍጣ እያቃሰትን ወጣነው።

ስመለስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዓባይን ሣልሁ። ሮለር ኮስተር መጀመሪያ በሞተር ተጎትቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሮጠው በዚያው ከፍታ ባጠራቀመው ጉልበት ነው። የእኛ መንገድ ግን ቁልቁለቱን አስቀድሞ ይሰጣል። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይሠራ የነበረውና በዓመቱ የፈረሰው ኪንግዳ ካ የተባለው ሮለር ኮስተር ቁመቱ 139 ሜትር ነበር፤ ከደጀን እስከ ወንዙ ግን ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። ተማሪዎቼ አሰሉት፤ ፍሬንም የአየር መከላከልም ባይኖር አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ550 ኪሎሜትር በላይ ይሆናል። ክፍሉ ተንጫጫ። «ታዲያ ያ ሁሉ ፍጥነት የት ገባ?» ቢሉኝ የፍሬኑን ሽታ ነገርኋቸው፤ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ በየመታጠፊያው ቀርቷል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ ሰበቃ ፈጽሞ ባይኖር፣ አውቶቡሱ ያለ ናፍጣ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል ወይ? ካርታ ዘረጋን። ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ያህል ስትሆን ደጀን ጥቂት ዝቅ ትላለች። የጎጃም ልጆች ይህን መስማት አልወደዱም። እንግዲህ አውቶቡሱ አፋፉ ላይ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተንሸራቶ ደጀን ይመለሳል አልኋቸው።

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቲቸር፣ እንግዲያስ የመመለሻ ትኬት መቁረጥ አያስፈልግማ!» አለ።