ካፕሱሉና ማዕዱ፦ ፕሮባዮቲክ በክብደት ቅነሳ ውስጥ ያለው ድርሻ

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ በሚደረግ ጥረት ከባዱ ምዕራፍ ክብደቱ ከወረደ በኋላ ያለው ነው። የሰውነት ስብ ሲቀንስ ስለ ስንቁ ለአንጎል የሚያሳውቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞንም ይቀንሳል፤ ረኃብ ይበረታል፤ ሰውነትም ጉልበቱን መቆጠብ ይጀምራል። ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ግን የራሱን ስንፍና ይወቅሳል፤ ቤተሰብና ጎረቤትም ወቀሳውን ያጸኑበታል። ፕሮባዮቲክ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ካፕሱል የሚቀርበው ብዙ ጊዜ እንዲህ ላለው የደከመ ሰው ነው። ስለዚህም ካፕሱሉ የያዘው ተስፋ በማስረጃ ምን ያህል እንደተደገፈ መመርመር ተገቢ ነው።

ተስፋው መሠረተ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የጄፍሪ ጎርደን የምርምር ቡድን ከማንኛውም ተሕዋስ ነጻ ሆነው ላደጉ አይጦች ከተራ አይጦች አንጀት የተወሰዱ ረቂቅ ተሕዋስያንን ሰጠ። አይጦቹ የሚበሉት ምግብ ቀንሶ ሳለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ በ60 በመቶ ገደማ ጨመረ። ተሕዋስያኑ አንጀት በራሱ ሊፈጨው የማይችለውን ምግብ አብላልተው ኃይል እንደሚያወጡና የስብ ክምችትንም እንደሚያግዙ ታወቀ። ይሁን እንጂ ባዶ አንጀት ያለው በቤተ ሙከራ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ግን በካፕሱል የገባ ባክቴሪያ ቀድመው የሰፈሩ ነዋሪዎችን ያገኛል።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የካናዳው ላቫል ዩኒቨርሲቲ ጥናት በተለይ ትኩረት ይሻል። ከፍተኛ ውፍረት ያለባቸው ወንዶችና ሴቶች ለ12 ሳምንታት የምግብ ኃይል መጠናቸውን በመጠኑ ቀንሰው፣ ቀጣዮቹን 12 ሳምንታት የወረደውን ክብደት በመጠበቅ አሳለፉ። ከፊሎቹ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ባክቴሪያ የሌለበትን ማስመሰያ ካፕሱል ወሰዱ። ተሳታፊዎቹ በአንድነት ሲታዩ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ የታየው ውጤቱ በጾታ ሲለይ ነው፦ ባክቴሪያውን የወሰዱ ሴቶች ይበልጥ ቀነሱ፤ በጥበቃው ወቅትም መቀነሳቸውን ቀጠሉ። በወንዶቹ ዘንድ ግን በቡድኖቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንደኛ፣ ማስመሰያውን የወሰዱትም ቢሆኑ ቀንሰዋል፤ ዋናውን ሥራ የሠራው አመጋገቡ ነው። ሁለተኛ፣ ካፕሱሉ ከባክቴሪያው ጋር ኦሊጎፍራክቶስና ኢኑሊን የተባሉ የዕፅዋት ፋይበሮችን ይዞ ስለነበር ውጤቱን ለባክቴሪያው ብቻ መስጠት አይቻልም። ሦስተኛ፣ በንዑስ ቡድን የተገኘ ልዩነት በሌላ ሙከራ እስኪደገም ድረስ ለቀጣይ ጥናት ጥያቄ እንጂ ለሽያጭ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ንዑስ ዝርያ ያሳየውም ውጤት ለሌላው አይተላለፍም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ፕሮባዮቲክን የገለጹት፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለተቀባዩ ጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን በማለት ነው። በዚህ መለኪያ የፈላ ምግብ ሁሉ ፕሮባዮቲክ አይደለም። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ በባክቴሪያና በእርሾ ሕዋሳት ይሞላል፤ ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን ሙቀቱ ይገድላቸዋል። እርጎ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን ይዞ ይቀርባል፤ ሆኖም በየቤቱ በራሱ የሚረጋ በመሆኑ የባክቴሪያዎቹ ዓይነትና ብዛት ከቅል ቅል ይለያያል። በአንጻሩ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሕያው ባክቴሪያ ባይሰጡም ፋይበር ይሰጣሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ይህን አብላልተው የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሚመግበውን ቡቲሬት ያመነጫሉ።

በኢትዮጵያ በዚህ ርእስ ላይ ጥናት የሚያቅድ ተመራማሪ ከእርጎ የተለየውን ባክቴሪያ በንዑስ ዝርያው መለየት፣ እስከሚወሰድበት ቀን በሕይወት መቆየቱን መቁጠር፣ የተሳታፊዎችን ማዕድ መመዝገብ፣ የጾታ ንጽጽሩንም ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በዕቅዱ ማስፈር ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ክትትሉ አመጋገቡ ሲያበቃ መቋረጥ የለበትም፤ ክብደት የሚመለሰው ያን ጊዜ ነውና። እስከዚያው ለታካሚው ሊነገረው የሚገባው፣ ካፕሱሉ ቢረዳ እንኳ ከማዕዱ ጋር እንጂ በማዕዱ ፈንታ እንዳልሆነ፣ የክብደቱ መመለስም የስንፍና ምስክር አለመሆኑ ነው።