ዝቅ ያለ ሥራ መያዝ ኪሳራ ነው?
አጅማን ወይም ሻርጃ ተከራይቶ ዱባይ በሱፐርቫይዘርነት የሚሠራ ሰው ኑሮውን በደመወዙ ብቻ ሊለካ አይገባም፤ በአል ኢትሃድ መንገድ መጨናነቅ የሚያልቀው ሰዓትም ይቆጠራል። ለቤት የቀረበና ጭንቀቱ የቀለለ ሥራ፣ ድርሃሙ ቢያንስም፣ ውርደት አይደለም። «አገር ቤት እጄን የሚጠብቁትስ?» የሚል እውነት አለው፤ ጤና ሲታወክ ግን የሚላከውም ይቆማል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የኤምሬትስ የግል ድርጅቶች የሠራተኛ ሕግ፣ ግራቹቲ (ሥራ ሲለቀቅ የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ) የሚሰላው በመጨረሻው መሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው የ30 ቀን። እዚያው ድርጅት ውስጥ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚፈርም ሰው የኋላው ድካሙም አብሮ ይቀንስበታል። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ ሳይነካ ኃላፊነቱ ብቻ እንዲቀነስለት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እምቢ ካሉት ሒሳቡን ተቀብሎ ሌላ ቦታ ቢጀምር ይሻለዋል።